ስለ ምግብና ስለ ጤና የሚሰጥ ምክር ሲጋጭ

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል የሀገራችን ሰው። ይህ ተረት መካሪዎቹ ሁሉ በአንድ ቃል እንደሚናገሩ አድርጎ የሚያስብ ነው። ነገር ግን መካሪዎቹ እርስ በርሳቸው ያልተስማሙ እንደ ሆነ፣ ተመካሪው የማንኛውን ሰምቶ የማንኛውን ይተው? ዛሬ በየቤታችን ስለ ምግብና ስለ ጤና የሚሰማው ምክር እንዲህ ያለ ነው። አንዱ እንቁላል ብሉ ሲል ሌላው ተዉ ይላል። በሬዲዮ የተነገረውን በስልክ የተላከው ያፈርሰዋል፤ ሐኪም ያዘዘውን ጎረቤት ይሽረዋል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው የሰማውን ሁሉ እየሞከረ ይደክማል፤ አለዚያም «እነርሱም አያውቁትም» ብሎ ደጉንም ክፉውንም በአንድነት ይጥላል። በሁለቱም መንገድ ጉዳት አለ። ጉዳቱንም እኔ በወላጅ እናቴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ።

እናቴ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ የስኳር በሽታ ከያዛቸውም ብዙ ዓመት የሆናቸው ሴት ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾም ገድፈው አያውቁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐቢይ ጾም ሲገባ ሦስት ሰዎች ሊጠይቋቸው መጥተው ሦስት ዓይነት ምክር ሰጧቸው። የመጀመሪያዪቱ እርሳቸውም የስኳር ሕመምተኛ የሆኑት ጎረቤታችን ነበሩ። «እትዬ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም ስኳሬ ይወርድልኛል፤ ጾም እኮ መድኃኒቱ ነው፣ አይፍሩ» አሏቸው። ሁለተኛው ከውጭ አገር ለጥየቃ የመጣ የወንድማቸው ልጅ ነበረ። እርሱ ደግሞ «አክስቴ፣ የስኳር ሕመምተኛ ከቶ መጾም የለበትም፤ እንጀራውንም ይተዉና ሥጋና ቅቤ ይብሉ» አለ። ሦስተኛዪቱ ዘመዳችን ግን «ማር የተፈጥሮ ነውና እንደ ስኳር አይቆጠርም፤ ይጹሙ፣ ማታ ማታ ግን ብርዝ ይጠጡበት» ብለው ሄዱ።

ሦስቱም እናቴን የሚወዱ ሰዎች መሆናቸው አያጠራጥርም። እናቴም ከሦስቱ ምክር ልባቸው የወደደውን፣ ማለት የጎረቤታቸውን ቃል ተቀበሉ። በጾሙ በሦስተኛው ሳምንት፣ በዕለተ ረቡዕ፣ እንደ ልማዳቸው ጠዋት ክኒናቸውን ውጠው ምንም ሳይቀምሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቅዳሴው ሳያልቅ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ንግግራቸውም ተደነባበረና ወደቁ። አጠገባቸው የቆሙ አንዲት ሴት ነገሩን ዐውቀው ስኳር በውኃ በጥብጠው አጠጧቸው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም ነፍስ ዘሩ። ቤት ከገቡ በኋላ እናቴ ያለቀሱት ስለ መውደቃቸው አልነበረም። «በስተርጅና ጾሜን ገደፍሁ» ብለው ነበር ያለቀሱት።

በማግሥቱ ወደ ሐኪም ወሰድኋቸው። ሐኪሙ «ለምን ጾሙ?» ብለው አልተቆጡም፤ አስቀድመው የጠየቁት «የሚወስዱት ክኒን የትኛው ነው?» ብለው ነው። እናቴ ከከረጢታቸው ያወጡት ክኒን ግሊቤንክላሚድ የሚባለው ሆነ። ይህ መድኃኒት ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋፋ ነው፤ ሰውየው በላም አልበላም ሥራውን አያቆምም። ስለዚህ ክኒኑን ውጦ ምግብ የተወ ሰው ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድበት ይችላል። ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስድም ሰው በዚሁ አደጋ ውስጥ ነው። ጎረቤታችን የሚወስዱት ግን ሜትፎርሚን ነበረ። እርሱ በይበልጥ ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር የሚቀንስ እንጂ ቆሽትን የሚያስገድድ ስላይደለ፣ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በታች የሚያወርደው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። እንግዲህ በሽታው አንድ፣ ጾሙም አንድ ሳለ፣ ክኒኑ ስለ ተለያየ ያችን ሴት ያልጎዳው ነገር ይችን ሴት ጣላት ማለት ነው።

ሐኪሙም የመድኃኒቱን ዓይነትና ሰዓት ለወጡላቸው፤ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ እንዳይውሉ አዘዙ። ሥጋና ቅቤ ይብሉ የሚለውን ግን አላዘዙም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ በልኩ ከተበላ የሚስማማ ምግብ መሆኑን ነገሯቸው። ብርዙን በሚመለከት፣ ማር በደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ስለ ሆነ «የተፈጥሮ ነው» በሚል ቃል እንዳይታለሉ አስጠነቀቁ። ከዚያም ወደ ንስሐ አባታቸው ሄድን። አባታችንም ነገሩን ከሰሙ በኋላ «ልጄ፣ ሕጉ ለሕመምተኛ በር አለው። ምግቡን ትጾሚያለሽ፤ ሰዓቱን ግን እግዚአብሔር አይጠይቅሽም» አሏቸው። የቤተ ክርስቲያን ቀኖና በእውነት የታመመውን ከጾም ሕግ የሚፈታ መሆኑን እኔም በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ ነገር ግን እናቴ እስኪወድቁ ድረስ በቤቴ ልናገረው ትዝ አላለኝም። ይህ የእኔ በደል ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምክር ሲጋጭብኝ «እውነቱ ከማንኛው ዘንድ ነው?» ብዬ ከመጠየቄ በፊት ሌሎች አራት ጥያቄዎች እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ጥሉ በጥያቄዎቹ ይፈታልና፣ ለአንባብያንም እነሆ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ጥያቄ፦ ምክሩ ለማን ተሰጠ? ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ የመከረው ስለ ሆዱና ስለሚደጋገምበት ሕመም መሆኑን መልእክቱ ራሱ ይናገራል። ያን ቃል ለሰው ሁሉ እንደ ተሰጠ ትእዛዝ አድርጎ የሚጠቅስ ሰው ለአንድ ሕመምተኛ የታዘዘውን መድኃኒት ለመንደሩ ሁሉ የሚያድል ሰው ይመስላል። ጎረቤታችንም የተናገሩት ስለ ራሳቸው እውነት ነበረ፤ እናቴ ግን እርሳቸው አልነበሩም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ምክሩ ስለ የትኛው ነገር ነው? አንድ ስም ሁለት ነገር ይሸፍናልና። በ1747 በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ያገለግል የነበረው ሐኪም ጄምስ ሊንድ፣ ስከርቪ በሚባለው ድድን በሚያደማና ጥርስን በሚያወልቅ በሽታ የተያዙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፈላቸው። መሠረታዊ ምግባቸውን አንድ አድርጎ፣ ለአንዱ ጥንድ ኮምጣጤ፣ ለሌላው የባሕር ውኃ፣ ለሌላውም ሌላ ነገር ሲሰጥ፣ ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ከሁሉ ፈጥነው ተሻላቸው። ባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ እንዲታደል ያዘዘው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ በ1795 ነው። በሽታውም ከመርከቦቹ ጠፋ ለማለት እስኪቻል ድረስ ቀነሰ። ከ1860 በኋላ ግን በትልቁ ቢጫ ሎሚ ፈንታ ከካሪብያን ደሴቶች የሚመጣው ትንሹ አረንጓዴ ሎሚ ተተካ። ሁለቱን በአንድ ስም ይጠሯቸው ስለ ነበር ልዩነቱን ያስተዋለ አልነበረም። የአረንጓዴው ጭማቂ ኃይሉ ቀድሞም ያነሰ ሲሆን፣ በመዳብ ቧንቧ በማለፍና ለብዙ ጊዜ በመቀመጥ ደግሞ ጨርሶ ደከመ። በ1875 ወደ ሰሜን ዋልታ በሄደው የእንግሊዝ ጉዞ ብዙዎች በስከርቪ ታመሙ። ከዚህም በኋላ አንዳንድ ሐኪሞች «ሎሚ ያድናል ማለት ከንቱ ነው፤ በሽታው ከተበላሸ ሥጋ የሚመጣ ነው» እስከ ማለት ደረሱ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቪታሚን ሲ ተለይቶ በታወቀ ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። «ያድናል» ያሉት ስለ አንዱ ፍሬ፣ «አያድንም» ያሉት ስለ ሌላው ተናግረው ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ምን ያህል? በአንድ ቤት ውስጥ የደም ግፊት ያለበትን አባት ሐኪሙ «ጨው ቀንስ» ይለዋል፤ የጤና ሠራተኛዋ ደግሞ እናቲቱን «አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሚ» ትላታለች። ሚስትና ባልም በወጥ ድስት ላይ ይከራከራሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው ምክር ስለ ጨው መጠን፣ ሁለተኛው ስለ ጨው ዓይነት የተነገረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው። አዮዲን ደግሞ ለአዋቂ የሚያስፈልገው በቀን 150 ማይክሮግራም ያህል፣ ማለት በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ጥቂት ነገር ነው፤ ሲጎድል ግን እንቅርትን ያመጣል፣ በማሕፀን ያለውንም ሕፃን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያ ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በ2011 በደንብ የወሰነችው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ጨው ጥቂት ይሁን፤ ጥቂቱም አዮዲን ያለው ይሁን። እርሱንም ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቆ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይገባል።

አራተኛው ጥያቄ፦ በምን ታወቀ? ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ከንጉሡ ማዕድ ላለመብላት በፈለገ ጊዜ ሹሙን በክርክር አላስቸገረውም። ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ይሰጠን፣ ከዚያም የእኛን ፊት ከሌሎቹ ብላቴኖች ፊት ጋር አነጻጽረህ እንዳየህ አድርግ አለው። የተወሰነ ጊዜና ማነጻጸሪያ ያለው ነገር ከወሬ ይለያል። ዓይን ብቻውን ሊያታልል እንደሚችልም ከፊንላንድ የተገኘው ታሪክ ያስረዳል። አትክልት የሚያዘወትሩ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የሚያዙት ጥቂት መሆናቸው ከታየ በኋላ፣ ምስጢሩ በካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ነገር ግን 29,133 የሚያጨሱ ወንዶች በዕጣ ተከፍለው በተፈተኑበት፣ ውጤቱም በ1994 በታተመው ጥናት፣ የቤታ ካሮቲን ክኒን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጠው ተገኙ። ይህ አትክልትን የሚነቅፍ አይደለም፤ በማዕድ የሚበላ ካሮትና ለአጫሽ ሰው የሚሰጥ ክኒን አንድ እንዳይደሉ የሚያስተምር ነው።

አራቱን ጠይቀንም ጠቡ የማይፈታበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ዕውቀት ራሱን ያርማል። በ1968 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ሰው በሳምንት ከሦስት የእንቁላል አስኳል በላይ እንዳይበላ መክሮ ነበር። ለ2015–2020 በወጣው የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ግን በቀን ከ300 ሚሊግራም ኮሌስትሮል አይብለጥ የሚለው ወሰን ቀረ። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ጉበት ራሱ መሆኑ፣ የደሙንም ኮሌስትሮል ከእንቁላሉ ይልቅ እንደ ቅቤ ያለው የሚረጋ ስብ በብዙ ከፍ የሚያደርገው መሆኑ ስለ ታወቀ ነው። ይህን ሰምቶ «ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ይላሉ» ብሎ መሳለቅ አይገባም። ስሕተቱን ያገኘ ሰው ቢደብቀው ኖሮ ይብስ ነበር።

በመጨረሻ፣ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ይህን ይያዝ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ አኑሩ። ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ከገባ በኋላ ሳይሆን፣ ወደ ሐኪምም ወደ ንስሐ አባትም ሂዱ። ሕመምተኛው ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተደነባበረ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙት፤ ሲሻለውም ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳታደርጉ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት።

እናቴ ዛሬም ዐቢይ ጾምን የሚጾሙት ጠዋት የጾም ቁርሳቸውን በልተው ነው። በጾሙ ሰዓት ፈንታ አባታችን ያዘዙላቸውን ስግደትና ምጽዋት ይፈጽማሉ። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ አንዱ ስለ ስኳር በሽታ አዲስ ምክር ይዞ የመጣ እንደ ሆነ በትዕግሥት ይሰሙታል። ቃሉን ሲጨርስም የክኒን ከረጢታቸውን ከመሶቡ አጠገብ አንሥተው «ልጄ፣ መልካም ተናገርህ፤ የነገረህ ሰው የሚውጠው ግን ይህን ነው?» ብለው ይጠይቁታል።