ከዘር ድንች መጋዘን በሹክሹክታ

ጠጋ በሉኝ። ለጓሯችሁ የትኛውን የድንች ዝርያ እንደምትመርጡ ግራ ከገባችሁ፣ ዘር በምንለይበት መጋዘን ውስጥ እርስ በርሳችን የምንነጋገረውን፣ ለገዢ ግን እምብዛም የማይነገረውን ላካፍላችሁ። ሰው ሁሉ ስም ይጠይቃል፦ «ጉደኔ አለ? በለጠ አለ?» እኛ ለራሳችን ጓሮ ዘር ስንወስድ መጀመሪያ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ከማን ማሳ ወጣ? ከምርምር ማዕከል ከወጣ ስንተኛ ዙሩ ነው? መቼ ተቆፈረ? ስሙ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ድንች የሚተከለው ከራሱ ከድንቹ ነውና እናት ድንቿ የያዘችው በሽታ ሁሉ ወደ ልጆቿ ያልፋል። ቅጠል የሚያጠቀልለውንና ቅጠል የሚያዥጎረጉረውን ቫይረስ ክሽክሽ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ያደርሰዋል፤ ከዚያ በድንቹ ውስጥ ተቀምጦ ለሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። የታመመው ተክል ወዲያው አይሞትም። ይቀነጭራል፣ ጥቂትና ደቃቅ ድንች ይሰጣል። አሁን የብዙ ገበሬ ቤት ልማድ ምን እንደሆነ አስቡ። ምርት ሲገባ ትልልቁ ለገበያ ይወጣል፣ መካከለኛው ይበላል፣ ደቃቁ ለዘር ይቀመጣል። ከደቃቁ ውስጥ ብዙው የመጣው ከታመሙት ተክሎች ነው። በዚህ ዓይነት በሽታው በየዙሩ እየተመረጠ ይተከላል ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምርቱ ሲወርድ ገበሬው «መሬቱ ደከመ» ይላል። ብዙ ጊዜ የደከመው ዘሩ ነው።

ስለዚህ ነው ሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ዘሩን ከላቦራቶሪ የሚጀምረው። ከቫይረስ የጸዳች ትንሽ ተክል በቲሹ ካልቸር ትባዛለች፤ ከእሷ ሚኒ ቲዩበር የሚባሉት ትናንሽ ድንቾች ይወጣሉ። ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በጉም መልክ ምግብና ውሃ በሚረጭለት በኤሮፖኒክስ ዘዴም ይመረታሉ። ከዚያ ዘሩ ከማሳ ማሳ እየተባዛ ወደ ዘር አባዢ ገበሬዎች ማኅበራት ይወርዳል። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ንጽሕናው ይቀንሳል። ለዚህ ነው «ስንተኛ ዙሩ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዝርያው ስም የሚቀድመው። ሻጩ ጥያቄው ከገባውና ከመለሰላችሁ በግማሽ ልባችሁ እመኑት። ጥያቄው እንግዳ ከሆነበት የያዘው ለወጥ የተገዛ ድንች ሊሆን ይችላል፤ የዘር ዋጋ ከሚበላው ድንች ከፍ ስለሚል መቀላቀሉ ያጓጓል። ነጣ ያለ ልጣጭ ያላቸው ዝርያዎች አንድ ጆንያ ውስጥ ከተቀላቀሉ ደግሞ በዓይን ለይቶ ማውጣት ለእኛም ይከብደናል።

ጆንያው ፊት ስትቆሙ ግን የሚታዩ ነገሮች አሉ። ታጥቦ የተዘጋጀ ድንች ለዘር አትውሰዱ። የዶሮ እንቁላል የሚያህለውን ምረጡ። ጉንቁሉን እዩት፦ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ብርሃን አግኝቶ ያደረ ነው፤ ረጅም፣ ነጭና በቀላሉ የሚሰበር ከሆነ ጨለማ ውስጥ ከርሟል። አንድ ጉንቁል ብቻ ጫፉ ላይ ካበቀለ ገና ነው። እሷን ቀንጥሳችሁ ብርሃን ባለበት ቦታ ብታቆዩት ከሌሎቹ ዓይኖችም ይወጣል፤ ብዙ ግንድ ማለት ብዙ ድንች ማለት ነው። ልጣጩ አረንጓዴ መሆኑም አያስደንግጣችሁ። ዘር ድንች ፀሐይ ሳይመታው በስስ ብርሃን ሲቀመጥ ይህ የሚጠበቅ ነው። አደራ የምላችሁ ግን ከዘር የተረፈው አረንጓዴ ድንች ወደ ማድቤት እንዳይገባ ነው፤ ሶላኒን የሚባለው መርዝ በመቀቀል አይጠፋም።

አሁን ድምፄን ይበልጥ ዝቅ ላድርግ፤ ይሄኛው ያስፈራኛል። አጠውልግ የምንለው የባክቴሪያ በሽታ አለ። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ተክሉ በጠራራ ፀሐይ ውሃ እንደተጠማ ይጠወልጋል፣ ውሃ ብታጠጡትም አይነሳም። «የደጋ ዘር ንጹሕ ነው» ሲባል ሰምታችኋል፤ በቫይረስ በኩል እውነት አለው፣ ደጋ ላይ ብርዱ ክሽክሽን ያሳንሳል። በአጠውልግ በኩል ግን ያው ብርድ በሽታውን ይደብቀዋል። ማሳው ጤነኛ መስሎ ይታያል፣ ባክቴሪያው ድንቹ ውስጥ ተኝቶ ይጓዛል፣ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ያለ ሞቅ ያለ ጓሮ ሲደርስ ይነቃል። አንድ ጊዜ አፈራችሁ ውስጥ ከገባ ለዓመታት ድንች ብቻ ሳይሆን ቲማቲምና ቃሪያም ይቸግራችኋል። ይህን በሽታ አስተማማኝ በሆነ መንገድ የሚያድን መድኃኒት የለም፣ ሙሉ በሙሉ የሚቋቋም ዝርያም አትጠብቁ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከጆንያው ጥቂት ድንች አውጥታችሁ ቁረጡ። ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ካለ፣ ጫን ስትሉት ወተት የመሰለ ፈሳሽ ካወጣ፣ ወይም ዓይኑ ላይ አፈር እንደ ሙጫ ተጣብቆ ካያችሁ ጆንያውን በሙሉ ተዉት። ጓሮ ውስጥ የጠወለገ ተክል ካገኛችሁ ደግሞ ግንዱን ከሥሩ ጠጋ ብላችሁ ቁረጡና ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። በደቂቃዎች ውስጥ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ወደ ታች ሲወርድ ካያችሁ እሱ ነው። ተክሉን ከነአፈሩ አውጥታችሁ አስወግዱ፤ ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ አትጣሉት። ዘር ድንችንም በቢላ አትከፋፍሉ፣ ሙሉውን ትከሉ። አንድ የታመመ ድንች የነካ ቢላ ቀሪውን ሁሉ ይበክላል። መቁረጥ ግድ ከሆነባችሁ በየድንቹ መሃል ቢላውን በረኪና ውስጥ ንከሩ።

ወደ ስሞቹ እንምጣ። በሆለታ በኩል ከተለቀቁት በብዛት የምትሰሟቸው ሦስቱ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2002፣ በ2006 እና በ2009 በቅደም ተከተል። መነሻቸው ሊማ፣ ፔሩ ካለው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል የመጣ ዘር ነው። ከአዴት ምርምር ማዕከል የወጡት ዘንገናና ጓሳ፣ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ቡቡም አሉ፤ በየአካባቢያቸው ተፈትነው ስለተለቀቁ ጎጃም ወይም ሐረርጌ ያላችሁ መጀመሪያ ወደ እነሱ ብታዩ ይሻላል።

ምርጫውን የሚወስነው ዝናቡ ነው። በሰኔ ተክላችሁ ክረምቱን በሙሉ ውጭ የሚያሳልፍ ድንች ከዋግ ጋር ይፋጠጣል። ዋግ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገጥሙለት ቅጠሉ ላይ እርጥብ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይጀምራል፣ በማለዳ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ብታዩ ነጭ ሻጋታ ታገኛላችሁ፣ ከዚያ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳውን ያከስለዋል። ጃለኔ ሲለቀቅ ይህን ይቋቋም ነበር፤ ዛሬ ግን በሽታው ለምዶታል። አሁንም «ዋግ አይነካውም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ የድሮውን ወሬ ነው የሚነግራችሁ። ሪዶሚል ወይም ማንኮዜብ ለመርጨት ካልተዘጋጃችሁ ጃለኔን በክረምት ጓሮ አታስገቡ። ለአዲስ አበባና ለመሰሉት የደጋና የወይና ደጋ ጓሮዎች የክረምት ምርጫዬ ጉደኔ ነው። ግማሽ ግማሽ ለመትከል ቦታ ካላችሁ በለጠን ጨምሩ። ሁለቱም ለመድረስ 4 ወር ገደማ ይፈልጋሉ፤ ያንን ትዕግሥት ይዛችሁ ተነሱ።

በበልግ ወይም በመስኖ የምትተክሉ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ዋግ ይቀንሳል፣ ቶሎ መድረስ ዋጋ ያገኛል። እዚህ ላይ የአገር ድንቾቻችንን ስለናቅናቸው አዝናለሁ። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሽምፐር አማካይነት እንደሆነ ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬው በራሱ ዓይን እየመረጠ ያቆያቸው አሉ። የጎጃሙ አተር አበባና በሻሸመኔ አካባቢ የሚተከለው ነጭ አበባ ዋግ ቶሎ ይመታቸዋል፣ እውነት ነው። ግን ፈጥነው ስለሚደርሱ ሰዉ እህሉ ሳይደርስ የሚበላውን ይሰጡታል፣ ጣዕማቸውንም የሚያውቅ ያውቃል። ንጹሕ ዘራቸውን ካገኛችሁ ለበልግ ጓሮ አትለፏቸው። ከፍ ያለ ደጋ ላይ ሆናችሁ በጥቅምትና በኅዳር በመስኖ የምትተክሉ ግን ውርጩን አስቡ፤ አንድ ሌሊት ቅጠሉን ሁሉ ሊያከስለው ይችላል።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ በበልግ ያወጣችሁትን በክረምት መልሳችሁ ለመትከል ከፈለጋችሁ ቶሎ የሚያጎነቁል ዝርያ ያስፈልጋችኋል። ድንች ከተቆፈረ በኋላ ይተኛል፤ አንዳንዱ ለሁለት፣ ለሦስት ወር። የተኛ ድንች መሬት ውስጥ ብታስገቡት ወይ ይበሰብሳል ወይ ተዘበራርቆ ይበቅላል። «መቼ ተቆፈረ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ለዚህም ነው።

ከዚያ ድስታችሁን ጠይቁ። ብዙ ሰው ይህንን የሚያስበው ድንቹ ከወጣ በኋላ ነው፣ እኔ ግን ከመትከል በፊት ብላችሁ ነው የምለምናችሁ። በለጠ ድንቹ ትልልቅ፣ ደረቅ ይዘቱም ከፍ ያለ ነው፤ በምርምር ማሳ ላይ በሄክታር ከ400 ኩንታል በላይ ሰጥቷል። ለጥብስና ለችብስ ከእሱ የሚሻል አትፈልጉ፣ ዘይት ብዙ አይጠጣም፣ ይንኮሻኮሻል። ያው ባሕርይው ግን ለረጅም ጊዜ ሲቀቀል እንዲፈረካከስ ያደርገዋል። በአልጫ ውስጥ ቅርጹን ይዞ እንዲቆይ የምትፈልጉ ቤተሰብ ከሆናችሁ ውሃ የያዘውና ጠንከር የሚለው ድንች ይሻላችኋል። እንዴት ይለያል? 1 ኩባያ ጨው በ11 ኩባያ ውሃ አሟሙታችሁ ድንቹን ጨምሩበት። የሚሰጥመው ለጥብስና ለመፍጨት፣ የሚንሳፈፈው ለወጥ ነው። ከጎረቤት ጓሮ አንድ ሁለት ፍሬ ለምናችሁ ይህን ብትሞክሩ ከማንም ሻጭ ንግግር የበለጠ ታውቃላችሁ።

በለጠ ከመጠን በላይ ተልቆ ካስቸገራችሁ አጠጋግታችሁ ትከሉት። የተለመደው በመስመሮች መሃል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መሃል 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 30ውን ወደ 25 ብታወርዱት መጠኑ ልከኛ ይሆናል። 10 ካሬ ሜትር መደብ 2 ኪሎ ገደማ ዘር ይበቃዋል፣ በጥሩ እንክብካቤም 20 እና 30 ኪሎ ይሰጣል። አፈሩን ሁለት ጊዜ ማስታቀፍ አትርሱ፤ ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይባክናል፣ የድንች የእሳት እራትም በአፈሩ ስንጥቅ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች።

ንጹሑን ዘር ከየት ታገኛላችሁ? በወልመራና በጀልዱ በኩል ዘር የሚያባዙ ማኅበራት አሉ፣ የሚሸጡት ግን በኩንታል ነው። አንድ ኩንታል 500 ካሬ ሜትር ይተክላልና ጎረቤቶችና ዘመዶች ተዋጥታችሁ አንድ ጆንያ ውሰዱ።

ከዚያ ወዲያ ዘሩን በእጃችሁ ማቆየት ትችላላችሁ። ተክሉ ማበብ ሲጀምር በመደቦቹ መሃል ዙሩ፤ ቅጠላቸው ያልተጠቀለለ፣ ያልተዥጎረጎረ፣ ጎረቤታቸው ያልጠወለገ ጠንካሮቹን ለዩና አጠገባቸው እንጨት ትከሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ፣ የደከመ ካለ እንጨቱን ንቀሉ። በመጨረሻ የቀሩትን እያንዳንዱን ለብቻው ቆፍሩ፣ ብዙና ጥሩ ድንች የሰጠውን ብቻ ለዘር አስቀምጡ፣ ጥቂትና ደቃቅ የሰጠውን ብሉት። ከመቆፈራችሁ ከ10 እስከ 15 ቀን በፊት ግንዱን ብታጭዱት ልጣጩ ይጠነክራል። ዘሩን አየር በሚገባበት፣ ፀሐይ በማይመታው ብርሃን ላይ በስሱ ዘርግታችሁ አኑሩት።

እንዲህም አድርጋችሁ ከሦስት አራት ዙር በኋላ አዲስ ዘር ግዙ። በሰኔ ለምትተክሉት ሚያዝያ ላይ እጃችሁ ይግባ፤ ጉንቁሉ ብርሃን ላይ ሆኖ እስኪወፍር ሳምንታት ይፈልጋል። በግንቦት መጨረሻ ወደ አትክልት ተራ የሚሮጥ ሰው ግን የሚያገኘው ከሌላው የተረፈውን ነው።