የምጣድ ማሟሻ

በአገራችን አነጋገር «የምጣድ ማሟሻ» የሚባል ነገር አለ። ምጣዱ ሙቀቱን ገና ሳያስተካክል በመጀመሪያ የምትወጣው እንጀራ ናት። ዓይኗ አያምርም፤ ዳሯ ይቆራረጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ምጣዱን ይዛ አልለቅም ትላለች። ስለዚህ ለእንግዳ አትቀርብም፤ ወደ መሶብም አትገባም፤ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ለሚቸኩል ልጅ በበርበሬ ተለውሳ ትሰጣለች። ስለ ሰው ሲነገር ግን ቃሉ ለስለስ ያለ አይደለም፤ ሌላው እንዳይጎዳ አስቀድሞ መሞከሪያ የሚሆን ሰው ማለት ነው።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህ ስም ባለፈው ዓመት ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ መሥሪያ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ወር አለቃዬ አንድ ዘገባ እንድጽፍ አዘዙኝ። እኔም ዲግሪዬን ተማምኜ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስሁት፤ የማውቃቸውንም ረዣዥም ቃላት ሁሉ ሞላሁበት። በማግሥቱ ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተዥጎርጉሮ ተመለሰልኝ። ከጎኔ የሚቀመጡት፥ በሥራው ብዙ ዓመት የቆዩት ሰው አየት አደረጉና «አይዞህ ልጄ፤ የምጣድ ማሟሻ ሆነህ ነው» አሉኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ የሳቅሁ መሰልሁ እንጂ ያን ቀን ምሳ ዕቃዬን ሳልከፍት ወደ ቤት መለስሁት።

ቤታችን በነፋስ ስልክ ላፍቶ፥ ከጎፋ ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። «ነፋስ ስልክ» የሚለው ስም ያለ ሽቦ በነፋስ ይናገር ለነበረው መሣሪያ የወጣ እንደ ሆነ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። እናቴ ግን ያለ ሽቦም ያለ ነፋስም ነገሬን አወቀችው፤ የምሳ ዕቃው ክብደት ነገራት። ምን እንደ ደረሰብኝ ስነግራት ሳቀች። «ማሟሻ ተባልሁ ብለህ ነው ፊትህን ያጠቆርኸው? ምጣዱ ካልተሟሸ ሁለተኛዪቱ ከየት ትመጣለች?» አለችኝና ወደ ቡሃቃዋ ተመለሰች።

እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ደብተሬም፥ የደንብ ልብሴም፥ የዩኒቨርሲቲው የኪስ ገንዘቤም ከዚያ ምጣድ ላይ የወጡ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። በተቀጠርሁ ቀን በተሰጠኝ ቅጽ ላይ «የእናት ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት «የቤት እመቤት» ብዬ ጽፌ ነበር። የምትሠራው ቤት ውስጥ ነውና ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይሁን እንጂ ብዕሬን የመራው እፍረት እንደ ነበረ ከእኔ የተሰወረ አልነበረም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የእናቴ ቀኝ አንጓ አበጠ። ሐኪሙ እጇን እንድታሳርፍ አዘዛት። ለቅዳሜ ጧት ግን 60 እንጀራ ልታስረክብ ቃል ገብታ ነበር። «እኔ እጋግረዋለሁ» አልኋት። እሷም ትንሽ ዝም ብላ አየችኝና «እንግዲያስ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ዱቄቱን አምጣ» አለች።

ለቅዳሜ እንጀራ ረቡዕ መነሣት ለምን እንዳስፈለገ ጠየቅሁ። «እርሾ አይቸኩልም» አለችኝ። ዱቄቱን ነፍቼ፥ በእርሾ ለውሼ፥ ቡሃቃውን ከድኜ ተውሁት። ዓርብ ማታ ስከፍተው ከላይ ቢጫ ውሃ ጠልሎ አገኘሁ። እሱን እንድደፋ፥ ከሥር ካለው ሊጥ ጥቂቱን ቆንጥሬ በፈላ ውሃ አብሲት እንድጥል፥ ከዚያም አብሲቱን አቀዝቅዤ መልሼ ከሊጡ ጋር እንዳዋሕድ አዘዘችኝ። ሊጡም እንደገና ኩፍ አለ። ይህን ሁሉ ዘመን ከዚያ ሊጥ ስበላ ኖሬ፥ እንጀራ ሁለት ጊዜ ኩፍ እንደሚል ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይፈጃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ከሰካ በኋላ ኃይሉ ይደክማልና ቀድሞ መነሣት ግዴታ ነው። ምጣዱን በተወቀጠ ጎመን ዘር አሰስሁት። ሊጡን ከዳር ወደ መሀል እያዞርሁ አፈሰስሁ፤ አክምባሎውን ደፋሁ። የመጀመሪያዋ እንደ ልማዷ ተበላሸች። ሁለተኛዋ መሀሏ ወፍሮ ዳሯ ሳሳ። ሦስተኛዋ ሰፌድ ላይ ስትወጣ ለሁለት ተቀደደች። ሰባት እንጀራ እንዲህ አበላሸሁ። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ «እጅህን አትፍራ፤ ሊጡ ፍርሃትህን ያውቃል» ከማለት በቀር አልተቆጣችኝም። በስምንተኛዋ ዓይኑ መውጣት ጀመረ፤ ከሃያ በኋላ እጄ ራሱ አወቀው።

ፀሐይ ወጥታ 60 እንጀራ ስቆጥር አንድ ነገር ገረመኝ። ሰባቱ ተበላሽተው እንዴት ሊጡ በቃ? እናቴን ስጠይቃት «ለ70 የሚሆን ነው ያስቦካሁህ» አለችኝ። ገና ረቡዕ ዕለት፥ እኔ በራሴ ተማምኜ ዱቄት ስነፋ፥ እሷ ስሕተቴን ከሂሳቡ አግብታው ነበር።

በዚያው ቀን ምጣዱን ስንጠርግ «ለመሆኑ አንተ የተማርኸው፥ ይህን ጤፍ ቁንጮ ይሉታል፤ ከየት የመጣ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር። ስለዚህ ገብቼ አነበብሁ።

የጤፍ ፍሬ በአንድ ግራም ውስጥ 3 ሺህ ያህል ይሆናል። አበባውም እንደዚሁ እጅግ ጥቃቅን ነው፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ከዚህም የተነሣ ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን ማዳቀል የማይቻል ነገር መስሎ ብዙ ዘመን ቆየ። ነገር ግን በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የጤፍ አበባ በማለዳ፥ ከጧቱ አንድ ሰዓት ገደማ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ደረሱበት። በዚያች ሰዓት ወረፋ ጠብቆ፥ በማጉያ መነጽር እያዩ፥ የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ማድረስ እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ በኋላ በዚህ መንገድ ከተገኙት ዝርያዎች አንዱ ቁንጮ ነው። ይህ ዝርያ በቢሾፍቱ፥ በቀድሞ ስሟ በደብረ ዘይት፥ ከሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ወጥቶ በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው ተለቀቀ። አንደኛው ወላጁ በፍሬው ንጣት፥ ሌላው በምርቱ ብዛት የታወቀ ነበር። የአበባው ምሥጢር ከታወቀበት እስከ ቁንጮ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል መሆኑ ነው።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ብዙም አልተደነቀችም። «ማለዳ ያልተነሣ ምን ያገኛል?» አለችና ቡሃቃዋን አጠበች።

እኔ ግን በነገሩ ብዙ አሰብሁ። እኛ ወጣቶች ራስን ማሻሻል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታየን አዲስ መጽሐፍ፥ አዲስ ልብስ፥ አዲስ ሹመት ነው። ስንሳሳት ደግሞ የምናፍረው ስሕተቱ የእኛ ብቻ መስሎን ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ሥራ እስኪለምድ ድረስ የሚያበላሸውን የሚከፍል ሌላ ሰው አለ። ለእኔ የከፈለችልኝ እናቴ ነበረች፤ በሊጥ ብቻም አይደለም። የትምህርት ቤቱ ፈተና ሲጥለኝ፥ ዓመት ስደግም፥ በሌሊት ተነሥታ ጥቂት እንጀራ ትጨምር ነበር። ያን ጊዜ ለምን እንደምትጨምር አልጠየቅሁም።

በዚያው ሳምንት ሰኞ ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ሄጄ ፋይሌ እንዲወጣልኝ ለመንሁ። ጸሐፊዋ «ይህ ደመወዝህን አይለውጠውም እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም «የቤት እመቤት» የሚለውን ሰርዤ «እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች» ብዬ ጻፍሁ፤ ከጎኑም ፈረምሁበት።

ዘገባዬንም በሌላ መንገድ መጻፍ ጀመርሁ። በመጀመሪያው ቀን እጽፋለሁ፤ ከድኜም አሳድረዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ከላይ የጠለለ ብዙ ነገር አገኛለሁ፤ እሱን እደፋለሁ። የሚደፋው አብዛኛው ረዣዥሙ ቃል ነው። የቀይ ቀለሙ ነገር ጨርሶ አልቀረም፤ ነገር ግን ቀንሷል።

ሰሞኑን በክፍላችን አንድ አዲስ ተመራቂ ተቀጥሯል። ባለፈው ሐሙስ ዘገባው እንደ እኔው ተዥጎርጉሮ ሲመለስለት አየሁ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና በመስኮት ማየት ጀመረ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዕቃዬን ከፍቼ ጠራሁት። በዚያ ቀን እናቴ እንጀራውን ከወትሮው አንድ ጨምራበት ነበር።