የኤሌክትሮድ ማሽን አርጎን ሲለምድ

አዲስ አበባ ውስጥም ሆነ በክልል ከተሞች፣ የመንደር ብረታ ብረት ቤት የሚተዳደረው በኤሌክትሮድ ብየዳ ማሽን ነው። የቱቦላሬ መስኮት፣ የላሜራ በር፣ የአጥር ፍርግርግ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው። የስቴንለስ ደረጃ መደገፊያ የሚፈልግ፣ የወተት ዕቃው ያፈሰሰበት ወይም የቡና ማሽኑ ቱቦ የተሰነጠቀበት ደንበኛ ሲመጣ ግን ብዙው ባለሙያ «አርጎን ያለው ዘንድ ሂድ» ብሎ ይሸኘዋል። ሥራውም ገንዘቡም ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። እዚያው ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠችው ትንሽ ኢንቨርተር ማሽን ግን ዲሲ የምታወጣ እስከሆነች ድረስ ያንን ስቴንለስ መበየድ ትችላለች። የሚጎድላት ቶርች፣ ጋዝና ለጋዙ የተሠራ ሬጉሌተር ነው። ማሽኗን መፍታት፣ ሽቦ መቁረጥ፣ ቦርድ መነካካት አያስፈልግም። ውስጧ ያሉት ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ለሕይወት የሚያሰጋ ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ መክፈቱ አይመከርም።

ይህ የሚሆነው ሁለቱ የብየዳ ዓይነቶች ከማሽኑ የሚጠይቁት አንድ ነገር ስለሆነ ነው። በኤሌክትሮድ ሲበየድ እጅ ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። በዚያው ልክ በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው አርክ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ቮልቱም አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ማሽኑ የተሠራው ይህ ሁሉ ሲለዋወጥ አምፒሩን ከሞላ ጎደል ባለበት እንዲያቆይ ነው። ባለሙያው አርጎን፣ መጽሐፉ ቲግ የሚለው ብየዳ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ሽቦ እየገፋ የሚበይደው ሚግ ማሽን በተቃራኒው ቮልቱን አጽንቶ አምፒሩን ስለሚለቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ልዩነቱ ያለው አርኩ ዘንድ ነው። የኤሌክትሮድ በትር ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። አርኩን ይሸከማል፣ ራሱ ቀልጦ መሙያ ይሆናል፣ ልባሱ ሲቃጠል ደግሞ ጋዝና ቅርፊት ፈጥሮ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከልላል። ቲግ እነዚህን ሦስቱን ይለያያቸዋል። አርኩን የሚሸከመው 3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ የማይቀልጠው ተንግስተን ነው። ከአየር የሚከልለው ከቶርቹ አፈሙዝ የሚፈሰው አርጎን ነው። መሙያው በሌላኛው እጅ የሚጨመር ቀጭን ሽቦ ነው። በያጁ ሙቀቱን ለብቻ፣ መሙያውን ለብቻ ስለሚያዝ ኤሌክትሮድ ወዲያው የሚበሳውን የ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተረጋግቶ ይበይዳል። የሚራገፍ ቅርፊት የለም፣ የሚፈናጠር ፍንጣሪም የለም ለማለት ይቻላል።

ዘዴው በወጉ የተቋቋመው አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካሊፎርኒያ የነበረው የኖርዝሮፕ አውሮፕላን ኩባንያ ከማግኒዥየም የተሠራ አውሮፕላን ለማውጣት ይጥር ነበር። ማግኒዥየም ቀልጦ አየር ካገኘው የሚቀጣጠል ብረት ስለሆነ በተለመደው መንገድ መበየድ አስቸጋሪ ነበር። የኩባንያው ባለሙያ ራስል ሜሬዲት በተንግስተን ዘንግ ዙሪያ ሂሊየም እያፈሰሰ መፍትሔ አገኘለትና በ1942 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ተቀበለ። ኋላ የሂሊየምን ቦታ በአብዛኛው አርጎን ወሰደ። አርጎን ከምንተነፍሰው አየር 1 በመቶ ገደማ የሚሆን፣ ከምንም ነገር ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ነው። ኦክስጅን ለማምረት አየር ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆንና ሲነጠር አብሮ ይገኛል።

ወደ ግዢው እንምጣ። ገበያ ላይ በብዛት ያሉት በአየር የሚቀዘቅዙ ቶርቾች 17 እና 26 ቁጥር ናቸው። የመጀመሪያው እስከ 150፣ ሁለተኛው እስከ 200 አምፒር ይሸከማል። ለቤትና ለትንሽ ሱቅ ቀለል የሚለው 17 ቁጥር ይበቃል። ዋናው ነገር እጀታው ላይ የጋዝ መክፈቻ ያለው መሆኑ ነው። የቲግ ማሽን ጋዙን ራሱ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የኤሌክትሮድ ማሽን ግን ስለ ጋዝ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ቱቦው ከሬጉሌተሩ በቀጥታ ወደ ቶርቹ ይሄዳል፣ መክፈቱና መዝጋቱም የበያጁ ጣት ሥራ ይሆናል። የኬብሉ ሶኬትም ቀጭንና ወፍራም አለውና ከማሽንዎ ጋር አስተያይተው ይግዙ።

ሲገጥሙ ቶርቹ ወደ ኔጌቲቭ፣ የኧርዝ መቆንጠጫው ወደ ፖዘቲቭ ይግባ። ብዙ ኤሌክትሮዶች፣ በተለይ 7018፣ ፖዘቲቭ ላይ ስለሚሠሩ እጅ በልማድ ሊገለብጠው ይችላል። በትክክል ሲገጠም ከአርኩ ሙቀት 70 በመቶ ያህሉ ወደሚበየደው ብረት ይሄዳል። ሲገለበጥ ያ ሁሉ ሙቀት ተንግስተኑ ላይ ያርፍና ጫፉ ተድበልብሎ ወደ ብየዳው ይንጠባጠባል። ማሽንዎ ሆት ስታርትና አርክ ፎርስ የሚባሉ መቆጣጠሪያዎች ካሉት ሁለቱንም ዝቅ ያድርጓቸው፤ ለኤሌክትሮድ የሚጠቅሙትን ያህል ተንግስተንን ይጎዳሉ።

ጋዙ ንጹሕ አርጎን መሆን አለበት። ለሚግ የሚውለው ካርቦንዳይኦክሳይድ ወይም ድብልቅ ጋዝ ተንግስተኑን ወዲያው ያጠቁረዋል። ፍሰቱ በደቂቃ ከ7 እስከ 10 ሊትር ይበቃል። ፍሰቱን መጨመር ጥበቃውን የሚጨምር ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሲበዛ ጋዙ ይናወጥና የጎን አየር ወደ ውስጥ ይስባል። የማብሰያ ጋዝ ሬጉሌተር አስተካክሎ መግጠም ደግሞ ከቶ የማይታሰብ ነው። የአርጎን ሲሊንደር በ150 ወይም በ200 ባር የሚሞላ ነው፤ የማብሰያው ሬጉሌተር ለዚህ ግፊት ስላልተሠራ ሊፈነዳ ይችላል። ገንዘብዎ ውስን ከሆነ ከቶርቹ ቀንሰው በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚፈስ የሚያሳይ ደህና ሬጉሌተር ይግዙበት። ስለ ሲሊንደሩ መጠን ሒሳቡ ቀላል ነው። በ150 ባር የተሞላ የ10 ሊትር ሲሊንደር 1,500 ሊትር ያህል ጋዝ ይይዛል፤ በደቂቃ 8 ሊትር ሲፈስ 3 ሰዓት የአርክ ሥራ ነው። የ40 ሊትሩ በዚያው ፍሰት ከ12 ሰዓት በላይ ያሠራል። በየጊዜው ለማስሞላት የሚወጣው የመኪና ሒሳብ ሲታሰብ ትልቁ ያዋጣል።

ተንግስተን በጫፉ ቀለም ይለያል። ቀዩ ውስጡ ቶሪየም የሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር አለው። ተይዞ ሲበየድበት ብዙ አያሰጋም፤ ሲሳል የሚወጣውን ብናኝ መተንፈስ ግን መጥፎ ነው። ወርቃማው ወይም ሰማያዊው ላንታነም ያለበት ስለሆነ ያንኑ ሥራ ያለዚህ ሥጋት ይሠራል፤ ሁለቱም ካሉ ቀዩን መግዛት አያስፈልግም። 1.6 ሚሊ ሜትሩ ለአብዛኛው የቤት ሥራ ይበቃል። ጫፉ እንደ እርሳስ ይሾላል፤ ሲሳል ጭረቶቹ በርዝመቱ እንዲሄዱ ዘንጉን ወደ ድንጋዩ ዙር አቅጣጫ ይያዙት። ጭረቱ አግድም ከሆነ አርኩ ይንከራተታል። ለዚህ የሚሆን ድንጋይም ለብቻ ይቀመጥ፤ ዝገት የተሞረደበት ድንጋይ ተንግስተኑን ይበክላል።

የልምድ ችግሩ ያለው አርኩን በመለኮስ ላይ ነው። የቲግ ማሽን በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ብልጭታ ሳይነካ ይለኩሳል። በተለወጠው ማሽን ግን ተንግስተኑ ብረቱን መንካት አለበት፤ ሲነካ ደግሞ ሁለት ጉዳት ይመጣል። ጫፉ ብረት ይይዛል፣ ከተንግስተኑም ቅንጣት ተሰብሮ ብየዳው ውስጥ ይቀራል። መፍትሔው ትንሽ የመዳብ ቁራጭ ከመገጣጠሚያው አጠገብ አስቀምጦ እሱ ላይ ፈጠን አድርጎ ጭሮ አርኩ ሲነሳ ወደ መስመሩ መምራት ነው። መዳብ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚበትን ተንግስተኑ በቀላሉ አይጣበቅበትም። አንዳንድ አዳዲስ ኢንቨርተሮች ሊፍት ቲግ የሚባል ምርጫ አላቸው። እሱ ሲነካ ትንሽ ኃይል ብቻ ሰጥቶ ሲነሳ ሙሉ አምፒሩን ስለሚለቅ ጉዳቱን በጣም ይቀንሳል። ማሽን ገና ሊገዙ ካሰቡ ለዚህ ምርጫ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ተገቢ ነው።

ማጥፋቱም እንዲሁ ትምህርት ይፈልጋል። የእግር መርገጫ ስለሌለ አምፒሩን ቀስ ብሎ መቀነስ አይቻልም፤ ቶርቹን በድንገት ማራቅ መጨረሻው ላይ ጎድጓድ ይተዋል፣ ከጎድጓዱም ስንጥቅ ይጀምራል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ መሙያ ጨምሮ ጉዞውን ማፍጠን፣ ወይም አርኩን ወደ ትርፍ ቁራጭ ብረት አውጥቶ እዚያ ማጥፋት ነው። አርኩ ከጠፋም በኋላ ቶርቹ ወዲያው አይነሳም። ጋዙ እየፈሰሰ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ያህል እዚያው ይቆያል። ተንግስተኑም ብየዳውም አየር የሚያገኛቸው ቀዝቀዝ ካሉ በኋላ መሆን አለበት።

ለአምፒሩ መነሻ የሚሆነው ለአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት 40 አምፒር ያህል ነው፤ ለ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ 80 ማለት ነው። በአርኩ ርዝመት ላይ ስስት ጥሩ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ቶርቹ ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይገፋል፤ መሙያው ከፊት ዝቅ ብሎ ከቀለጠው ብረት ጠርዝ ላይ ነካ ነካ ይደረጋል። ጫፉ ግን ከጋዙ ጥላ አይውጣ፤ ከወጣ ይዝግና ዝገቱን ይዞ ይመለሳል። ለተራ ብረት ኢአር 70 ኤስ-6፣ ለተለመደው 304 ስቴንለስ ኢአር 308 ኤል ሽቦ ይሆናል። ብረቱ አስቀድሞ እስኪያበራ ይጠረግ። ኤሌክትሮድ ዝገትና ቀለም ይታገሣል፤ ቲግ ቅንጣት አይታገሥም።

ስቴንለስ ራሱ ይመሰክርብዎታል። ብየዳው ወርቃማ ወይም ገለባ ቀለም ከያዘ ሙቀቱም ጋዙም ልክ ናቸው። ሰማያዊ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል። አመድማና ጥቁር ከሆነ ብረቱ ዝገት የሚከላከልበትን ጸባዩን አጥቷል። ለወተትና ለምግብ ዕቃ ደግሞ ውስጠኛው ገጽ ከውጪው ይበልጣል። ከጀርባ አርጎን ካልተሞላ የቀለጠው ስቴንለስ በውስጥ በኩል ይቃጠልና ሻካራ ይሆናል፤ ወተት እዚያ ይቀመጣል፣ ባክቴሪያም ይራባበታል። ከውጭ አምሮ ከውስጥ የተቃጠለ የወተት ዕቃ ለደንበኛ ማስረከብ ነውር ነው። ቱቦውን በሁለት በኩል ዘግቶ፣ በአንድ በኩል ጋዝ አስገብቶ፣ በሌላው ትንሽ መውጫ ትቶ መበየድ ጊዜም ጋዝም ይወስዳል፤ ዋጋው ውስጥ ይግባ እንጂ መቅረት የለበትም።

አርጎን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ፣ ታንከርና የተዘጋ ክፍል ወለል ላይ ይጠራቀማል፣ ሰውንም ሳያስጠነቅቅ ያፍናል። ታንከር ውስጥ ገብቶ ብቻውን የሚበይድ ሰው መኖር የለበትም። የቲግ አርክ ጭስ ስለማይከልለው ጨረሩ ከኤሌክትሮዱ ይበረታል፣ ከስቴንለስ ገጽም ይንጸባረቃል፤ አንገትና ክንድ ይሸፈን፣ ማስኩም ለዝቅተኛ አምፒር የሚነቃ ይሁን። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ከሆነ በአርክ ሙቀት ወደ ፎስጂን ይለወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የተፈጀበት መርዝ ነው። ቅባት በአሴቶን ይጽዳ፣ ሙሉ በሙሉም ይድረቅ።

በአገር ውስጥ የሚጠመጠመውን ከባድ የትራንስፎርመር ማሽን በዚህ መንገድ ለመጠቀም የሚያስቡ አሉ። እሱ የሚያወጣው ኤሲ ስለሆነ በ50 ኸርዝ መስመር አርኩ በሰከንድ 100 ጊዜ ይጠፋል። ኤሌክትሮድ ላይ ልባሱ መልሶ ያስነሳዋል፤ ተንግስተን ላይ ግን የሚያስነሳው የለም። ትልልቅ ዳዮዶች፣ ማቀዝቀዣና ቾክ ጨምሮ ወደ ዲሲ መለወጥ ይቻላል፤ ከዚህ ሁሉ ወጪና አደጋ ግን ትንሽ ኢንቨርተር መግዛት ይሻላል። ትራንስፎርመሩ ለአጥርና ለጣሪያ ሥራ ይቆይ። ነፋስ ባለበት ሜዳ ጋዙ ስለሚበተን እዚያ ኤሌክትሮድን የሚተካው የለም።

አሉሚኒየም ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ብረቱ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ገጹን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ያንን ሽፋን የሚያነሳው የኤሲ ሞገድ ነው፤ የተለወጠችው ዲሲ ማሽን በአርጎን ብትሞክረው ከውስጥ ቀልጦ ከላይ ያልተከፈተ ብረት ነው የምታገኘው። አሉሚኒየም ይዞ የመጣ ደንበኛ ካለ ኤሲ ቲግ ወዳለው ባለሙያ ይላኩት፤ ስቴንለሱን ግን ራስዎ ይሥሩት።