በረዶ ላይ የሚሰጥ ትምህርት

በሰሜን ካናዳ፣ በኑናቩት ግዛት፣ የብርዱ ወራት ሲገቡ ሐይቆች ይረጋሉ። በረዶው ሁለት ሜትር ያህል የሚወፍርበት ሐይቅ አለ። ከሥሩ ግን ውኃው አይረጋም፤ በረዶ ከውኃ ስለሚቀል ላይ ላዩን ተንሳፎ የታችኛውን ከብርዱ ይከልላል። በአጭሩ የሙቀት ወቅት ባሕር ወርዶ ሲመገብ የቆየው አርክቲክ ቻር የተባለው ዓሣ ብርዱን የሚያሳልፈው እዚያ ነው። የአገሩ ሕዝብ ኢኑይት ይህን ዓሣ በረዶ ሰንጥቆ ማውጣትን ከአባት ከአያቱ ተቀብሎ እስከ ዛሬ ይዞታል።

አስተማሪው አዛውንት ብዙ አይናገሩም። ልጅ ይከተላል፣ ያያል፣ ይሞክራል፤ ጥያቄ ከማብዛት ዐይንን መክፈት ይመረጣል። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ዓሣ ሳይሆን ስለ በረዶ ነው። ወንዝ የሚገባበትና ውኃ የሚፈስበት ቦታ በብርዱ መሐልም ቢሆን በረዶው ስስ ነው። ወፍራም አመዳይ የተከመረበትም እንዲሁ፤ አመዳዩ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ብርዱን ስለሚከለክል በረዶው ቶሎ አይወፍርም። ስለዚህ አዛውንቱ በረጅም እጀታ ላይ በተሰካ መሮ ፊት ፊታቸውን እየወጉ ይራመዳሉ፤ ልጁም ድምፁን መለየት ይማራል።

ቦታው ሲመረጥ በዚያው መሮ ጉድጓድ ይበሳል፣ ፍርካሹ በጭልፋ ይጠረጋል። ዛሬ ብዙዎች በሞተር መሰርሰሪያ ይጠቀማሉ። አጥማጁ ካሪቡ የተባለውን አጋዘን ቆዳ አንጥፎ በደረቱ ይተኛል፤ ብርሃን እንዳይገባ ፊቱን ጉድጓዱ ላይ ይደፋል። ዐይኑ ጨለማውን ሲለምድ ውኃው ውስጥ ያለው ይታየዋል። በአንድ እጁ ከአጥንት የተቀረጸች ትንሽ ማታለያ በገመድ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ በሌላው ጦሩን ይዟል። ጦሩ ሦስት ጣት አለው፦ መሐሉ ሹል፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ከቀንድ የተሠሩና ወደ ውስጥ የዞረ እሾህ ያላቸው ናቸው። ዓሣው ሲቀርብ ጦሩ ቁልቁል ይሰነዘራል፤ ሹሉ ጀርባውን ሲወጋ ሁለቱ ጎኖች ተከፍተው ይገጥሙታል፣ እሾሁም አያስመልጠውም።

ልጅ መጀመሪያ የያዘው ዓሣ የራሱ አይደለም፤ እንደ ልማዱ ለሌሎች፣ በተለይ ለአዛውንት ይሰጣል። አጥማጅነትና ማካፈል አብረው የሚማሩት ነገር ነው።

ይህ ትምህርት ተቋርጦ ያውቃል። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ብዙ የኢኑይት ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተወስደዋል። የካናዳ መንግሥት በ2008 እ.ኤ.አ. ስለ እነዚህ ትምህርት ቤቶች በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። አንድ ልጅ ዐይኑ ዕውቀት በሚቀስምበት ዕድሜ ከአያቱ ሲለይ የሚቀርበትን ነገር በኋላ መጽሐፍ አይተካለትም። ዛሬ አዛውንቶች ወጣቶችን ይዘው ወደ በረዶው ሲወጡ የተቆረጠውን መልሰው እየቀጠሉ ነው።

አሁን ደግሞ አርክቲክ ከቀረው ዓለም በፈጠነ ሁኔታ እየሞቀ ነው፤ በረዶው የሚረጋበትና የሚቀልጥበት ጊዜ ተዛብቷል። ሆኖም አዛውንቶቹ የሚያስተላልፉት በቃል የሚያዝ ቀን ብቻ አይደለም። ትናንት ያለፉበትን በረዶ እንኳ ዛሬ ሳይወጉ አይረግጡም። ወቅቱ እንደ ድሮው ባልሆነበት ጊዜ ወጣቱን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይህ ጥንቃቄ ነው።