የ50 ኪሎዋት ሰዓት ድጎማ

በአገራችን አቅም ለሌለው ቤተሰብ የሚሰጥ የመብራት ድጎማ ማመልከቻም ምዝገባም የለውም፤ ታሪፉ ውስጥ ነው ያለው። በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማይበልጥ የሚጠቀም ቤት፣ ደባርቅም ይሁን አዲስ አበባ፣ በዝቅተኛው እርከን ይከፍላል። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የአራት ዓመቱን የታሪፍ ጭማሪ ሲጀምር የሌሎቹ እርከኖች ዋጋ ወጣ፤ የዚህኛው ግን 0.2730 ብር ላይ እንዳለ ቆየ። የአገልግሎት ክፍያውን ሳይጨምር 50ው በሙሉ 13 ብር ከ65 ሳንቲም ማለት ነበር።

አምፖልና ስልክ ብቻ ላለው ቤት ይህ መጠን ይተርፋል። ምጣድ ሲገባ ነው ሒሳቡ የሚጠበው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጣድ፣ በአራት ሳምንት 42 ይበላል። ደባርቅን የመሰለ ብርዳም ከተማ ውስጥ ማታ ሻይ ለሚፈላበት ምድጃ፣ ለመብራቱም ለቴሌቪዥኑም የሚቀረው 8 ብቻ ነው። 51ኛዋ ከገባች ደግሞ የወሩ ፍጆታ በሙሉ በሁለተኛው እርከን ይታሰባል። ይህ እርከን በ2014 ዓ.ም. በደረሰበት 0.7670 ብር ሲሰላ 39 ብር ከ12 ሳንቲም ይመጣል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የተከራዩ ነገር ነው። ታሪፉ የሚያየው ቆጣሪውን እንጂ ቤተሰቡን አይደለም። ደባርቅ ወይም ዳባት አንድ ግቢ ውስጥ ባለቤቱና ሦስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ይኖራሉ እንበል። እያንዳንዱ ቤት 40 ቢጠቀም ቆጣሪው 160 ያነባል፤ ሦስተኛው እርከን ገባ ማለት ነው። በዚያው የ2014 ዋጋ፣ በ1.6250 ብር፣ የአንዱ ቤት ድርሻ 65 ብር ይሆናል። የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው 10 ብር ከ92 ሳንቲም ነበር የሚከፍለው። ድጎማው የታሰበለት ሰው ባለቪላውን የሚመለከተውን እርከን ይሸከማል።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ ስለተጀመረ ዋጋዎቹ ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል። በስሜን ተራሮች ግርጌ የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰላቸው ቀበሌዎች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው፤ ማገዶና ኩበት በታሪፍ አይደጎምም። መስመሩ እዚያ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ለተከራይ የራሱን ቆጣሪ ማስገባት ግን አዲስ ምሰሶ አይጠይቅም፤ ኤሌክትሪኩ ግቢው ውስጥ አለ።