ከወደቀው ቅጠል በታች

ሐምሌ ሲጋመስ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ካሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ወደ አንዱ ገብታችሁ፣ ከብሳናው ወይም ከዋንዛው ሥር ቁጢጥ በሉና የረገፈውን ቅጠል ገለጥ ገለጥ አድርጉት። ላይኛው ገና ሙሉ ነው፤ ወዙ አልጠፋም። ቀጣዩ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ጣል ጣል አድርጎበታል። ሦስተኛው ሥጋው አልቆ ጅማቱ ብቻ እንደ ወንፊት ቀርቷል፤ በጅማቱ መካከል ከጥጥ ፈትል የቀጠነ ነጭ ክር ተሰራጭቷል። ከዚያ በታች ጥቁር አፈር ነው፤ ስታነሡት እንደ ቡና አተላ እጃችሁ ላይ ይፈረፈራል።

ክሩ ፈንገስ ነው። ክረምት ሲገባ ብቅ የሚለው እንጉዳይ፣ ሰዉ የጅብ ጥላ የሚለው፣ የዚያ ክር ፍሬ ነው፤ ዋናው አካል ከቅጠሉ ሥር ተሸሽጎ ይኖራል። አፍም ሆድም የለውም። ኢንዛይም አመንጭቶ ምግቡን እደጅ ያሟሟና ይመጠዋል። ቅጠልንና እንጨትን የሚያጠነክረውን ሊግኒን እንደ ፈንገስ አፍርሶ የሚጨርስ ፍጥረት የለም ማለት ይቻላል። እሱ ሲያፈርስ በቅጠሉ ውስጥ ታስሮ የነበረው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ተፈትቶ ወደ ዛፉ ሥር ይመለሳል።

የጎጃም ገበሬ ፈንገስን የሚያውቀው በክፉው ነው። ስንዴውን የሚመታው ዋግ ፈንገስ ነው፤ የቡሬን በርበሬ የሚያጠወልግም አለ። ጠላውን የሚያፈላው እርሾ የነሱው ዘመድ መሆኑን ማንም አያነሣም። የቅጠል በላተኛው ውለታማ ጭራሽ ተረስቷል። ይህ መረሳት ያሳስበኛል፤ የአካባቢው ቀይ አፈር አሲዳማ ነውና።

በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት እንደተጠቃ ይገመታል። በእንዲህ ያለ አፈር ፎስፎረሱን አልሙኒየም ይይዘዋል፤ ገበሬው ተበድሮ የገዛውን ማዳበሪያ ቢበትን ሰብሉ እኩሌታውን እንኳ ላያገኝ ይችላል። ዓመታት ሙሉ መድኃኒቱ ኖራ ነው ሲባል ቆይቷል። እውነት ነው፤ ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል፣ መንገድ ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል። የበሰበሰ ቅጠልም ኖራን ባይተካ እንኳ አልሙኒየሙን አቅፎ መርዙን ያበርዳል። አሲዱ ባክቴሪያን ሲያዳክም ፈንገሱ በቀላሉ አይበገርም፤ ለዚህ አፈር የተፈጠረ ሠራተኛ ነው።

ታዲያ ምን ይብላ? ኩበቱ ይነዳል፤ የበቆሎው አገዳ ለከብትና ለምድጃ ይሆናል፤ ቅጠሉም ተጠርጎ ምጣድ ሥር ይገባል። በምኒልክ ዘመን አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ዘይትና ሰም የበዛበት፣ ናይትሮጅኑ ያነሰ ስለሆነ ከብሳና ቅጠል ይልቅ ቀስ ብሎ ይበሰብሳል። ባሕር ዛፍ ሸጦ ልጁን የሚያስተምረውን ገበሬ መውቀስ አይገባም። የማገዶውን ጥያቄ ሳይመልሱ ቅጠል አትንካ ማለት ግፍ ነው።

ቅጠል እንደወደቀ የሚያድርበት ቦታ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንዱ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በነዚህ ደኖች ላይ ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ብቻ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። በኋላም ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱና ምእመናኑ ደኖቻቸውን በድንጋይ እንዲያጥሩ አግዘዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከየማሳው ነው። ገበሬው ማረሻው የሚገጨው ነገር ቀነሰለት፤ በአጥሩ ውስጥ ደግሞ የከብት ኮቴ ያልረገጠው ቅጠል እንደወደቀ ክረምቱን ይጠብቃል።