2 ወይስ 30? የሮቤ ስንዴና የፈቃድ ነገር

ዛሬ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ላንሳ።

በ2012 ሮቤ ላይ እህል መነገድ ስጀምር "መጀመሪያ ገበያውን ልየው" ብዬ ፈቃድ አላወጣሁም። ከሲናና ገበሬዎች የሰበሰብኩትን ስንዴ በአይሱዙ ጭኜ አዳማ አንድ ዱቄት ፋብሪካ አራገፍኩ። ሚዛኑ ልክ፣ ዋጋውም ጥሩ ነበር። ክፍያ ላይ ሂሳብ ሠራተኛዋ "ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ?" አለችኝ። የለኝም። ከ100 ብሩ 30 ብር ተቆረጠ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 የሚለው ይህንኑ ነው። ወረቀቱ የተሟላ ሻጭ ያኔ የሚቆረጥበት 2 በመቶ ብቻ ነበር (በ2017 ማሻሻያ 3 ሆኗል)፤ እሱም በዓመቱ መጨረሻ ከግብሩ ይታሰብለታል። ኩንታል ላይ 20 ብር ለማስጨመር ቀኑን ሙሉ የምከራከር ሰውዬ ሲሶውን ሊጠጋ ምንም ያልቀረው በአንድ ወረቀት ሄደብኝ። የገበሬውን ዕዳ የከፈልኩት ተበድሬ ነው።

ከዚያ በኋላ በቅደም ተከተል ጨረስኩ፦ ቲን፣ ንግድ ምዝገባ፣ የመጋዘን ኪራይ ውል፣ ፈቃድ።

ግን ማውጣት ብቻ አይበቃም። እድሳቱ ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ታኅሣሥ ደግሞ ባሌ አጨዳ ላይ ነው፤ ሁላችንም ኮምባይን ስናሳድድ ቀኑ ያልፋል። እኔ አሁን የማድሰው መስከረም ላይ ነው።

ሮቤና ጎባ ያላችሁ ጀማሪዎች፣ ከመጫናችሁ በፊት ወረቀታችሁን እዩ። ማኅበራትም ከነጋዴ ስትገዙ ቲኑን ቀድማችሁ ጠይቁ።

መልካም ገበያ።